ማርያም የሳመችው ሳንቲም

እዚህ ጅማ፣ ከአጂፕ ወደ መርካቶ በባጃጅ ስወርድ ነው ነገሩ የጀመረው። ሹፌሩ ከመሪው ፊት ለፊት በፌስታል የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ለጥፏል። መጀመሪያ ክታብ መስላኝ ነበር። «ምንድን ናት?» ስለው ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይህቺ ሳንቲም እንዳትመስልዎት። ይህቺ መኪና ናት።»

ባለ አንድ ብር ሳንቲም ናት። መልኳ ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም። አንበሳው ያለበት መሃሏ ወደ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ይወስደዋል፤ ዙሪያዋ ደግሞ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሰው እየጮኸ «የፋብሪካ ስህተት ያለበት ሳንቲም እጅዎ ላይ ካለ ሀብታም ነዎት» ይላል። ሹፌሩ ደግሞ እጁ ላይ አለ።

ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰፈር ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው በዛና በየጊዜው ሳንቲም ይመጣልኛል። የታጠፈ፣ የተበሳ፣ አረንጓዴ የለበሰ፣ ፊደሉ የጠፋ። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ምንም አይደለም። ያንን አንዱን ለመለየት ግን የግድ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንዲት ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ነው፦ ይህ ነገር መቼ ደረሰበት?

ሰው ገላ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ። አንዱ አብሮ የተወለደ፣ «ማርያም የሳመችው» የምንለው። ሌላው ጠባሳ። ልጅ ሆኖ ወድቆ፣ እሳት ነክቶት፣ ጓደኛው በድንጋይ ፈንክቶት የመጣ። ሳንቲምም እንደዚያው ነው። ሰብሳቢ ገንዘብ የሚከፍለው አብሮት ለተወለደው ነው። ጠባሳ ያለበት ሳንቲም ዋጋው እላዩ ላይ የተጻፈው ነው፤ አንዳንዴም ባለሱቁ «ይህን አልቀበልም» ብሎ ይመልሰዋል።

ታዲያ የልደቱን ለማወቅ አወላለዱን ማወቅ ይቀድማል።

መጀመሪያ ረጅም የብረት ዝርጋታ ይዘጋጃል። ከዚያ ላይ ማሽን ክብ ክቡን ይቆርጣል። ቤት ውስጥ በብርጭቆ አፍ ሊጥ ስትቆርጡ አስቡት፤ ልክ እንደዚያ ነው። የተቆረጠው ባዶ ክብ እንዲለሰልስ እሳት ውስጥ ይገባል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ዙሪያው ተጨምቆ ጠርዙ ትንሽ ከፍ ይላል። በመጨረሻ ወደ መምቻው ይሄዳል። እዚያ ከታችና ከላይ ሁለት የብረት ማህተሞች አሉ። አንዱ የአንበሳውን ወገን ይዟል፣ ሌላው የዋጋውን። ዙሪያውን ደግሞ ብረቱ እንዳይፈስ የሚያቅፍ ቀለበት አለ። ማህተሞቹ በቶን የሚቆጠር ጫና ይዘው አንዴ ይገናኛሉ፤ ሳንቲም ተወለደ። ዘመናዊ መምቻ ይህን በደቂቃ 750 ጊዜ ያህል ይሠራዋል። በዚህ ፍጥነት አልፎ አልፎ አንዱ ቢወላገድ አይገርምም። የሚገርመው አብዛኛው ደህና መውጣቱ ነው።

አሁን ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ልብ በሉ። ሁለቱ ገጾች የሚመቱት በአንድ ቅጽበት ነው። ድሮ ልጆች ሆነን ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንል ነበር። ዘውዱም ጎፈሩም አንድ ላይ ነው የተወለዱት። ስለዚህ አመታቱ ላይ ችግር ከነበረ ምልክቱን ብዙውን ጊዜ በሁለቱም በኩል ታገኙታላችሁ። በአንድ በኩል ብቻ ጎድጉዶ ወይም ተጨፍልቆ በሌላው በኩል ምንም ያልሆነ ሳንቲም ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መዶሻን ነው፤ ወይም አስፋልትን፣ ወይም የልጅ ጥርስን።

የአቆራረጥ ስህተት ለዓይን ደስ ይላል። ብርጭቆዋን ሊጡ ላይ ስትጭኑ ቀድሞ የተቆረጠው ቦታ ላይ ትንሽ ካረፈች ምን ይሆናል? የምታወጡት ክብ አንድ ጎኑ የተነከሰ ይሆናል፤ እንደ አዲስ ጨረቃ። ሳንቲምም ዝርጋታው በልኩ ካልተገፋ እንደዚህ ተነክሶ ይወጣል። ከዝርጋታው ጫፍ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ንክሻው ቀጥ ያለ ይሆናል።

ይህን በሞረድ መሥራት ቀላል ይመስላል። ብዙዎች ሠርተውታልም። ግን አንድ የማያውቁት ነገር አለ። እውነተኛውን ንክሻ ይዛችሁ ከእሱ ትይዩ ያለውን ጠርዝ ተመልከቱ። ደከም ብሎ፣ ጠፋ ብሎ ይታያችኋል። ምክንያቱም ጠርዝ የሚወጣው ክቡ ከግራና ከቀኝ ሲጨመቅ ነው። አንዱ ጎን ከሌለ ሌላውም የሚደገፍበት አያገኝምና በቅጡ አይጨመቅም። እንዲሁም ከንክሻው አጠገብ ያሉት ፊደላት ወደ ባዶው ቦታ ትንሽ የተሳቡ ይመስላሉ። በሞረድ የተቆረጠ ሳንቲም ላይ ግን ፊደሉ እስከ መቁረጫው ድረስ ቀጥ ብሎ መጥቶ በድንገት ይቆማል። ትይዩው ጠርዝም ሙሉ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ከነበሩኝ ሦስት «የተነከሱ» ሳንቲሞች ሁለቱን ወዲያው ከሳጥኔ አወጣኋቸው። አንዷን አሥር እጥፍ ከፍዬ ነበር የገዛኋት። ለማን ልናገር?

ቀጥሎ አመታቱ። ክቡ መምቻው ላይ በልኩ ሳይቀመጥ ከተመታ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ በሌላው በኩል ባዶ ብረት እንደ ጨረቃ ይቀራል። አቃፊው ቀለበት በቦታው ካልነበረ ሳንቲሙ እንደ ተደፋ ሊጥ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይጠፋል። አንዴ ተመትቶ ሳይወጣ ሁለተኛ ከተመታ ሁለት አንበሳ አንዱ በአንዱ ላይ ይታያል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ናቸው፣ የሚፈለጉም ናቸው። ግን ኪስ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው፤ ፋብሪካውም ቆጣሪውም ባንኩም እጅ ሳይገባ ማምለጥ አለበትና።

በብዛት የሚገኘው የማህተሙ ድካም ነው። ማህተም ብዙ ሺህ ጊዜ ሲመታ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ማህተሙ ላይ ስንጥቅ ካለ የሳንቲሙ ብረት ወደ ስንጥቁ ይገባል። ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የምታዩት መስመር ወደ ላይ የወጣ ነው። ጭረት ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው። በጥፍራችሁ ዳሰስ አድርጉት። ጥፍር መስመሩ ውስጥ ከገባ፣ ቁልፍ ወይም ሚስማር ጭሮታል። መስመሩ ጥፍራችሁን ካደናቀፈው፣ እሺ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር።

ፊደል የጠፋበት ሳንቲም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቅባት ሥራ ነው። ማህተሙ ላይ ያለው ጎድጓዳ ፊደል በግራሶና በብናኝ ይሞላል፤ ብረቱ የሚገባበት ቦታ ያጣል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ላይ አንዷ ፊደል ደብዘዝ ብላ ትወጣለች። የልደት ምልክት ነው፣ አዎ። ግን በጣም የተለመደ ስለሆነ ማንም ብዙ አይከፍልበትም።

ስለ ድርብ ፊደል ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጣላው በዚህ ነውና። ሁለት ዓይነት ድርብነት አለ። አንደኛው ማህተሙ ራሱ ሲሠራ ሥዕሉ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ተዛንፎ፣ የተቀረጸበት ነው። ያ ማህተም የወለዳቸው ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ድርብ ናቸው። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የአሜሪካ የ1955 እ.ኤ.አ. አንድ ሳንቲም ነው። ቀኑና ጽሑፉ ያለ መነጽር ድርብ ሆኖ ይታያል፤ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑት ወደ ገበያ አምልጠዋል። ሁለተኛው ማህተሙ ደህና ሆኖ ሳለ፣ በምት ጊዜ ላልቶ ተንቀሳቅሶ ፊደሉን የሚገፋው ነው። ይሄኛው ዋጋ የለውም። ልዩነቱ እንዲህ ነው። እውነተኛው ድርብ ሁለቱም ፊደላት ክብነትና ከፍታ አላቸው፣ መገናኛቸው ላይ የተነከሰች የምትመስል ትንሽ ክፍተት ትታያለች፣ ፊደሉም ከተለመደው ወፈር ይላል። የተገፋው ግን አጠገቡ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ፊደሉ ራሱም ቀጥኗል። የቤት ደጃፍ ላይ እንዳለች መርገጫ ድንጋይ ብላችሁ ያዙት።

ከሁሉም የምወደው የእንግሊዝን ባለ 20 ፔንስ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የሳንቲሙን ሥዕል ሲቀይሩ ዓመተ ምህረቱን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው አዛወሩት። አንድ ቀን አንድ ሰው የአሮጌውን የንግሥቲቱን ማህተም ከአዲሱ ማህተም ጋር ገጠመው። በአሮጌው የንግሥቲቱ ወገን ቀን የለም፤ በአዲሱም ወገን የለም። ዓመተ ምህረት የሌለው ሳንቲም ተወለደ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ሰው ኪስ ገቡ። ዋጋቸው በጨረታ ከ20 ፔንስ እጅግ ይበልጣል። ሚሊዮን ግን አይደለም፤ ይህንን ለባጃጁ ሹፌርም ነግሬዋለሁ።

እዚህ ጋ ስለ እኛው ሳንቲሞች ጥቂት ማለት አለብኝ። ስህተት ያልሆነውን ስህተት ብለው የሚያመጡልኝ ብዙ ናቸው።

በ1969 ዓ.ም. የወጡትን ሳንቲሞች እዩ። አሥር ሳንቲሙ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ስሙኒው ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት አሉ። አንበሳው ግን በሁሉም ላይ አንድ አይደለም። በአንዳንዶቹ የአገጩ ጢም እኩል እኩል ነው፤ በሌሎቹ ሁለቱ ረዘም ብለው ይወጣሉ። ይህ የተለያዩ ማህተሞች ሥራ ነው። ዓይነት ይባላል እንጂ ስህተት አይባልም። ሰብሳቢ ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ግን እንደ ዓይነት ነው የሚገዛው።

የጃንሆይ ጊዜ ስሙኒ ደግሞ አለ። አንዳንዱ ክብ ነው፤ ሌላው ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸራረፈ ነው። ሁለቱም ላይ 1936 ተጽፏል። ጠርዙ እንዲያ እንዲሆን ታስቦ ነው። ቀኑም ያሳስታል። 1936 የሚል ሳንቲም ሁሉ በ1936 አልተመታም። ያንኑ ቀን እንደያዙ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። ስለዚህ «የ1936 ሳንቲም አለኝ፣ ብርቅ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ።

ጠገራ ብሩም ያው ነው። ጅማ ሂርማታ ገበያ በጥንት ጊዜ የነጋዴ መናኸሪያ ነበርና በየቤቱ አንድ ማርያ ቴሬዛ አይጠፋም። ሁሉም ላይ 1780 (እ.ኤ.አ.) አለ። መልካቸው ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ሞተዋል። ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌላም ቦታ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተመትቷል። ቀኑ የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። ክብደቱ ግን ይነግራል፤ ደህናው ጠገራ 28 ግራም ትንሽ ያልፋል። ጆሮ ተበጅቶለት በአንገት የታሰረው ከዚህ ወጣ ቢል አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። የሹፌሩም ጉዳይ እሱ ነው፤ ለጅማ ሰውም ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው።

ቀለም የተቀየረ ሳንቲም ሁሌም ማለት ይቻላል ጠባሳ ነው። ብረት ከአየር፣ ከእርጥበት፣ ከላብ ጋር ይነጋገራል። እኛ ጋ ደግሞ ዝናብ አይጠፋም። ሳንቲም በክረምት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣችሁ መስከረም ላይ ብታወጡት ሌላ ሳንቲም ሊመስላችሁ ይችላል። እንዴት እንደሚለወጥ ግን የብረቱ ዓይነት ነው የሚወስነው።

መዳብ ቀይ ሆኖ ይወለድና ወደ ቡኒ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ይህ ቡኒ ሽፋን ጠላት አይደለም። ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል። ጠላቱ አረንጓዴው ነው፤ በተለይ የሚሻክረውና ሥር የሰደደው።

ነሐስ መዳብና ዚንክ ነው። የ1969 አምስትና አሥር ሳንቲሞች እንደዚያ ናቸው። አሲድ ወይም ላብ ሲያገኛቸው ዚንኩ ቀድሞ ይሄዳል፤ መዳቡ ይቀራል። ስለዚህ ቢጫው ሳንቲም ሮዝ ይሆናል። አንድ ልጅ ሮዝ አሥር ሳንቲም ይዞ መጥቶ «በስህተት መዳብ ላይ የተመታ ነው» አለኝ። በምን እንዳጠበው ጠየቅኩት። «በሎሚ። አንድ ቀን ሙሉ ዘፍዝፌው ነበር።» ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ።

ኋላ ላይ የተመቱት ሳንቲሞች ሌላ ታሪክ ናቸው። አብዛኞቹ ውስጣቸው ተራ ብረት ነው፤ ከላይ ስስ ቅብ አለባቸው። ማግኔት አስጠጉባቸው፣ ጥብቅ ይላሉ። የ1969ኞቹ አይጠጉም። ቅቡ ላይ በዓይን የማትታይ ቀዳዳ ካለች እርጥበት በእሷ ይገባል፤ ብረቱ ከሥር ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ቅቡን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እብጠት ይሠራል። ሰው ይህን አይቶ «የፋብሪካ አረፋ» ይላል። የፋብሪካ አረፋ አለ፤ ቅቡ ሲለበስ አየር ይታመቅና ያብጣል። ያኛው ግን ለስላሳና የሚያበራ ነው፣ በዙሪያው የዝገት ቡኒ የለውም። የዝገቱን እብጠት በጥርስ መጎርጎሪያ ነካ ብታደርጉት ይፈርሳል።

ቅብ ሳይለብስ የተመታ ሳንቲም አለ ወይ? አለ፣ በጣም አልፎ አልፎ። እሱን የምትለዩት በፊደሉ ነው። እርቃኑን የተመታ ሳንቲም ፊደሉ ስለታም ነው፣ ገጹም ለስላሳ ነው። በኋላ በአሲድ የተገፈፈ ግን ገጹ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ ፊደሉ ይቀጥናል፣ ክብደቱም ይቀንሳል።

ባለ አንድ ብሩ የራሱ ጣጣ አለው። ሁለት ዓይነት ብረት ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሁለት ብረት ተገናኝቶ መሃሉ እርጥበት ከገባ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። መሃሉና ቀለበቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ክብ የምታዩት ለዚህ ነው። ስህተት አይደለም። መሃሉ የወለቀ ብር ደግሞ በሰፈር ልጆች እጅ ሞልቷል፤ በመዶሻ ነው የሚያወልቁት። በፋብሪካ መሃሉ ሳይገባ የተመታ ከሆነ ብረቱ ወደ ባዶው ቦታ ስለሚፈስ የቀዳዳው አፍ ይጠብባል፣ ይድበሰበሳልም። በመዶሻ የወጣው ላይ ግን ቀዳዳው ልኩን ጠብቋል፣ አንድ ቦታም የምት ምልክት ይኖረዋል። ጋራዥ ውስጥ ሮንዴላ ሆኖ የከረመውንም አይቻለሁ። ብሎኑ ራሱ ክብ ምልክት ትቶበታል።

ስለ ቀስተ ደመናው ቀለም ደግሞ። ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ላይ ነዳጅ ፈሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ፣ ወርቅማ ይሆናል። ነዳጁ ራሱ ያን ሁሉ ቀለም የለውም። በጣም ስስ ሽፋን ስለሆነ ብርሃን ከላዩና ከታቹ ተንጸባርቆ ሲገናኝ ነው ቀለሙ የሚፈጠረው። ብር የሚባለው ማዕድንም እንዲሁ ነው። አየር ውስጥ ያለ ድኝ ሲነካው ስስ ሽፋን ያበጃል። መጀመሪያ ወርቅማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር። የድኙ ምንጭ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ካርቶንም ይሆናል። በብር ሳንቲም ላይ ቀስ ብሎ የመጣ ውብ ቀስተ ደመና የሚወዱና ጨምረው የሚከፍሉ ሰብሳቢዎች አሉ። እሱም ቢሆን ስህተት አይባልም፤ ውበት ነው። የዛሬው ባለ አንድ ብር ግን ስሙ ብር ይሁን እንጂ ብር የለበትም። እሱ ላይ ቀስተ ደመና ካያችሁ አስቀድማችሁ እሳት ጠርጥሩ። የጋለ ብረት ላዩ ላይ ያንኑ ዓይነት ስስ ሽፋን ያወጣል፤ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ የተበየደውን ቱቦ ዳር ተመልከቱ፣ ያው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነው።

ስለዚህ ሹፌሩን ሻይ ቤት አስቀመጥኩትና መረመርናት። ከባለሱቋ አምስት ተራ የብር ሳንቲም ተዋስን፤ ብቻውን የታየ ሳንቲም አይናገርምና። መስኮት አጠገብ ሆነን ብርሃኑ ከጎን እንዲመታት አደረግን። የስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ለዚህ በቂ ነው። ፊደላቱ ከሌሎቹ ጋር አንድ ናቸው። ድርብ የለም፣ ስንጥቅ የለም። በሁለት ጣት ከላይና ከታች ይዘን ገለበጥናት፤ ሁለተኛው ገጽ ከሌሎቹ እኩል ቆሟል። ቢዘም ኖሮ፣ ማህተሙ ዞሮ ነበር ማለት ነው፤ እሱ እውነተኛ ስህተት ነው። ጥቁረቱ ፊደሉንም ሜዳውንም ጠርዙንም አልለየም። አንድ ጎን ላይ ደግሞ ይበልጥ ጠቁሯል። እሳት ከአንድ በኩል ሲመጣ እንደዚያ ያደርጋል።

«ከማን አገኘሃት?» አልኩት።

«ከእማማ። ቡና ጠጡ ከሚሉት፣ ፈረንጅ አራዳ ጋ።»

«ከሰል ላይ ነው የሚያፈሉት?»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ።

እርግጠኛ ለመሆን ወርቅ ቤት ጎራ አልን። የወርቅ ቤት ሚዛን የግራም መቶኛ ያነባልና ከቤት ሚዛን ይሻላል። የእሱንና የተዋስናቸውን አምስት አንድ በአንድ አስመዘንን። በአምስቱ መካከል ራሱ ትንሽ ልዩነት ነበር፤ የእሱም እዚያው ውስጥ ናት። በሌላ ክብ ላይ የተመታች ብትሆን ኖሮ ክብደቷ ከሁሉም ይወጣ ነበር።

«ባጥባትስ?» አለኝ። እዚህ ላይ ቆጣ አልኩ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ የአያቴን ጠገራ በአመድና በሎሚ ፈትጌ እንደ መስታወት አድርጌዋለሁ። አያቴ ደስ ብሏቸው ነበር። ዛሬ ሳየው ገጹ በሺህ ቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል፤ ጥቁሩ ሽፋን አብሮ የሄደው ከብሩ ላይ የላይኛውን ሥጋ ይዞ ነው። የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ከሩቅ ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ይሰብረዋል። ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኮካ፣ አንዱንም አትንኩ። አቧራ ካለው ንጹህ ውኃ ውስጥ አቆይቶ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጠጋ ጠጋ አድርጎ ማድረቅ ነው። ከፕላስቲክ የመጣ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ካለበት ንጹህ አሴቶን ያነሳዋል። እሱን ግን ከእሳት ርቃችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ። ሲኒ ቀርቦ፣ ከሰል ተያይዞ አይሆንም።

አቀማመጡም እንዲሁ ነው። ያ ለስላሳ የሚሸት ፕላስቲክ፣ የመታወቂያ መያዣ የሚሠራበት፣ ከጊዜ በኋላ ያልባል፤ መዳብና ነሐስ ላይ አረንጓዴ ይጥላል። በላስቲክ አትሰሩት። ጋዜጣም አትጠቅልሉበት። ጠንካራ፣ ሽታ የሌለው መያዣ ይሻላል። ለጅማ ክረምት ደግሞ ከጫማ ካርቶን የምናወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፤ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡት። ሳንቲም ስትይዙ በጠርዙ ያዙ፤ የጣት ላብ በሳምንት ውስጥ አሻራችሁን ይስልበታል።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ ሰው የጠየቀው ዋጋና ሳንቲሙ የተሸጠበት ዋጋ አንድ አይደለም። እኔም አሮጌ ጫማዬን መቶ ሺህ ብር ብዬ መለጠፍ እችላለሁ። ማየት ያለባችሁ በጨረታ ተሸጦ ያለቀውን ነው። «ሳንቲምህን እንገዛለን፣ ግን አስቀድመህ የመመዝገቢያ ገንዘብ ላክ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ሳንቲሙን ሳይሆን እናንተን ነው የሚፈልገው። እውነተኛ ስህተት ካገኛችሁም ትልቅ ስህተት ከትንሽ ይበልጣል፣ ንጹህ ሳንቲም ካለቀ ይበልጣል፣ የሚፈልገው ሰው ከሌለ ግን ሁለቱም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድሩት።

ሹፌሩ ሳንቲሟን ወደ ፌስታሉ ሊመልሳት ሲል እጁን ያዝኩት። ከኪሴ ትንሽ የወረቀት ከረጢት አውጥቼ ሰጠሁት፤ ሰብሳቢ የሳንቲሙን ዓይነት፣ ያገኘበትን ቦታና ቀን እላዩ ላይ ይጽፋል አልኩት። እስክሪብቶ ተዋሰ። ትንሽ አሰበና በትላልቅ ፊደል ጻፈ፦ «1 ብር። ፈረንጅ አራዳ፣ ከእማማ። ከሰል ውስጥ የወደቀች።» ከዚያ መልሶ መስታወቱ ሥር ለጠፋት።